ሊዮን በብርድ ወራት፦ በቀን አንድ ሰፈር ይበቃል

ጥያቄው ከአዲስ አበባ ነው። ጠያቂዋ በቅርቡ ከመምህርነት በጡረታ የተገለሉ የ61 ዓመት እናት ናቸው። ልጃቸው ፈረንሳይ ውስጥ ሊዮን ከተማ ትማራለች፤ እርሳቸውም ከኅዳር 25 እስከ ጥር 2 እርሷ ዘንድ ሊሰነብቱ ነው። «ልጄ ቀን ቀን ትምህርት ላይ ትውላለች። እኔ ደግሞ አምስት ሳምንት ሙሉ መስኮት ሥር ተቀምጬ መዋል አልፈልግም። ነገር ግን ብርዱን እፈራለሁ፤ ጉልበቴን ያመኛል፤ ጾም ላይ ነኝ፤ ፈረንሳይኛም አልችልም። ከተማውን ብቻዬን፣ ቀስ ብዬ እንዴት ልየው?» ይላሉ።

ሊዮን ውስጥ በአስጎብኚነት ስሠራ አሥራ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ከጠቀሷቸው አራት ነገሮች ሦስቱ ብዙም አያሳስቡኝም። ብርዱን ልብስ ይመልሰዋል፤ ለጾሙ መላ አለ፤ ቋንቋውም በጥቂት ቃላት ይገፋል። የሚያሳስበኝ ጉልበትዎ ነው። ጥፋቱም የከተማው ሳይሆን ለእንግዳ ሁሉ የሚሰጠው የተለመደ ምክር ነው፦ «ወደ ኮረብታው በባቡር ውጡ፣ ቁልቁል በእግር ውረዱ» ይባላል። እኔም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይህንኑ እል ነበር። አንድ ቀን በእርስዎ ዕድሜ ያሉ እንግዳ ከፉርቪዬር ኮረብታ በደረጃ እየመራሁ ሳወርድ፣ መንገድ ላይ የግንቡን ጠርዝ ይዘው ቆሙና «ልጄ፣ ሽቅቡ የሚጠይቀኝ ትንፋሽ ነው፤ ጉልበቴን የሚገለው ቁልቁለቱ ነው» አሉኝ። አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ ጉልበቱን የሚያመውን እንግዳ ሽቅብም ቁልቁልም በባቡር ነው የምወስደው። እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ፤ ቁልቁል በእግር ውረዱ የሚልዎትን ሁሉ አመስግነው ይለፉት።

የከተማው አቀማመጥ ለመያዝ ቀላል ነው። ሁለት ወንዞች አሉ፤ ሶን ከሰሜን፣ ሮን ደግሞ ከአልፕስ ተራሮች በኩል ይመጣሉ። በሁለቱ መካከል እንደ ምላስ የተዘረጋው ሜዳ የከተማው ልብ ነው፤ ፕሬስኪል ይባላል። ቤልኩር አደባባይም፣ ማዘጋጃ ቤቱም፣ ትልልቆቹ ሱቆችም እዚያ ናቸው፤ መሬቱ ለጥ ያለ ስለሆነ ለእርስዎ ይመቻል። ከሶን ማዶ በምዕራብ ያለው ኮረብታ ፉርቪዬር ነው፤ ከሜዳው በስተሰሜን ያለው ክሯ ሩስ። የአገሩ ሰው አንደኛውን «የሚጸልየው ኮረብታ»፣ ሁለተኛውን «የሚሠራው ኮረብታ» ይላቸዋል። ወደ ፉርቪዬር የሚያወጣው ከአሮጌው ከተማ የሚነሳ በገመድ የሚሳብ ባቡር ነው፤ ሰዎቹ እስከ ዛሬ «ፊሴል» ይሉታል፣ ሲባጎ ማለት ነው። ወደ ክሯ ሩስ የሚያወጣው ደግሞ ሲ የተባለው የሜትሮ መስመር ነው፤ ዳገቱ ከባድ ስለሆነ ባቡሩ በጥርሳም ሐዲድ እየነከሰ ይወጣል። በአንድ ሰዓት ትኬት ሜትሮውን፣ አውቶቡሱን፣ ትራሙንና ሲባጎውን እየቀያየሩ መሄድ ይችላሉ።

አሁን ስለ ብርዱ። የአዲስ አበባ ብርድ የማታና የጠዋት ነው፤ ረፋድ ላይ ፀሐይ ትታደገናለች። የሊዮን ብርድ ግን እኩለ ቀን ላይም አይለቅም። ቀን 6 ወይም 7 ዲግሪ፣ ሌሊት ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ ከወንዞቹ የሚነሳው ጉምና እርጥበት ደግሞ አጥንት ድረስ ይገባል። አንድ ወፍራም ካፖርት ብቻ ለብሰው አይውጡ። ሱቁ፣ ሜትሮው፣ ሙዚየሙ ሁሉ የሞቀ ስለሆነ ላብ ያጠምቅዎታል፤ ከዚያ ላብዎን ይዘው ብርድ ውስጥ ይገባሉ። ስስ ስስ ልብስ ደራርበው ከላይ ነፋስ የማያስገባ ይጨምሩ። ጫማው ከሁሉ ይበልጣል፤ የአሮጌው ከተማ ንጣፍ ጎርባጣ ድንጋይ ነው፣ ሲረጥብ ያንሸራትታል፤ ስለዚህ ወፍራም የጎማ ሶል ይሁን። ጋቢዎን ሻንጣ ውስጥ መጨመር አይርሱ፤ የተማሪ ክፍል ማታ ማታ ጋቢ የሚያስመኝ ነው።

ከብርዱ ይልቅ እንግዳን የሚያደናግረው ብርሃኑ ነው። በዲሴምበር መጨረሻ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ20 ገደማ ሲሆን፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ትጠልቃለች። ዓመቱን ሙሉ አሥራ ሁለት ሰዓት ብርሃን የለመደ ሰው 11 ሰዓት ላይ ሲጨልምበት የመሸበት ይመስለውና ወደ ቤት ይሮጣል። አይሩጡ፤ ሱቆቹ እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ክፍት ናቸው፣ ከተማውም መብራቱ ሲበራ ነው የሚያምረው። እኔ ቀኑን የምከፍለው እንዲህ ነው፦ 4 ሰዓት ላይ መውጣት፣ እስከ ምሳ ድረስ ደጅ መዘዋወር፣ ከምሳ በኋላ የሞቀ ቤት ውስጥ መግባት፣ ሲጨልም በሜዳው በኩል ቀስ ብሎ መመለስ። በየቦታው የተለጠፈው ሰዓት የእነሱ አቆጣጠር መሆኑን አይዘንጉ፤ 14 ሰዓት ካለ የእኛ 8 ሰዓት ነው።

ለመጀመሪያው ሳምንት አሮጌውን ከተማ ያዙ። የሴን ዣን ካቴድራል ግንባታ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ተጀምሮ በ1476 ነው ያለቀው (ዓመቶቹን ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፍልዎ)፤ ውስጡ ከ14ኛው ክፍለ ዘመን የመጣ የሥነ ፈለክ ሰዓት ቆሟል። ካቴድራሉ አጠገብ የሚጀምረው የሴን ዣን መንገድ ነው። እዚህ መንገድ ላይ ቱሪስቱ የቤቶቹን ፊት እያየ ያልፋል፤ ቁም ነገሩ ግን ከበሮቹ ጀርባ ነው። ቁጥር 54 ላይ ሲደርሱ ከባድ የእንጨት በር ያገኛሉ። ከጎኑ ቁልፍ አለ፤ ይጫኑት፣ ጠቅ ሲል በትከሻዎ ገፋ ያድርጉት። ጨለም ያለ፣ ጣሪያው በቅስት የተሠራ ጠባብ መተላለፊያ ይቀበልዎታል፤ እርጥብ ድንጋይ፣ ድንጋይ ይሸታል። የነዋሪዎች የፖስታ ሳጥኖች በግድግዳው ላይ ተደርድረዋል፣ ብስክሌት ተደግፎ ሊያገኙም ይችላሉ። አሥር እርምጃ ያህል ሲሄዱ ድንገት ሰማይ ይታያል፦ ግቢ ነው፤ ዙሪያውን ፎቅ በፎቅ ሰገነት፣ ከላይ አራት ማዕዘን የሆነች ቁራጭ ሰማይ። ከዚያ እንደገና ጨለማ፣ እንደገና ግቢ፤ መጨረሻ ላይ በር ከፍተው ሲወጡ በቡፍ መንገድ ቁጥር 27 ላይ፣ በሌላ መንገድ ላይ ቆመዋል።

ይህ ነው ትራቡል የሚባለው። ዋና ዋናዎቹ መንገዶች ከወንዙ ጋር ጎን ለጎን የተዘረጉ ሆነው የሚያገናኛቸው መስቀለኛ መንገድ ጥቂት ስለነበር፣ ሰዉ በቤቶች ሆድ ውስጥ አቋራጭ ሠራ። ዛሬ ለጎብኚ ክፍት የሆኑት ወደ አርባ የሚጠጉት ናቸው፤ ነዋሪዎቹ በራቸውን ክፍት ያደርጋሉ፣ ከተማው ደግሞ በጥገናውና በጽዳቱ ይደግፋቸዋል። ሰው የሚኖርበት ቤት ስለሆነ በዝግታ፣ ድምፅ ሳያሰሙ ይለፉ። ጠዋት መሄድ ይመረጣል፤ ከሰዓት በኋላ የሚዘጉ አሉ። አንድ ጠዋት ሁለት ወይም ሦስት ትራቡል ካዩ በቂ ነው፤ አሥር ያየ ሰው አንዱንም አያስታውስም።

ወደ ፉርቪዬር የሚወጡበትን ቀን ግን አስቀድመው አይወስኑ። ጠዋት መጋረጃውን ገልጠው ሰማዩ ጥርት ያለ ከሆነ ያን ቀን ይሂዱ፤ ጉም ከሆነ ሌላ ቦታ ይዋሉ። በኮረብታው አናት ካለው ባዚሊካ፣ ማለትም ከትልቁ ቤተ ክርስቲያን ጎን ያለው አደባባይ ከተማውን በሙሉ ከእግር ሥር ያሳያል፤ አየሩ ሲጠራ የሞን ብላን ተራራ በስተምሥራቅ ነጭ ሆኖ ይታያል። የሊዮን ሰዎች ግን ሞን ብላን ቁልጭ ብሎ ከታየ ዝናብ እየመጣ ነው ይላሉ። ባዚሊካው ግንባታው በ1872 ተጀምሮ በ1896 የተቀደሰ ነው፤ ከተማዋ በ1870ው የፈረንሳይና የፕሩሲያ ጦርነት ከጠላት እጅ ከዳነች ይሠራል ተብሎ የተሳለ ስለት ነው። ስለት ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልግም። ውስጡ ከወለል እስከ ጣሪያ በሞዛይክ የተሸፈነ ስለሆነ አንገትን ያደክማል፤ ወንበር ይዘው ቀስ ብለው ይዩት። ከዚያ ጥቂት ራቅ ብሎ ሮማውያን የሠሩት፣ አሥር ሺህ ያህል ሰው ይይዝ የነበረ ቲያትር አለ። ከላይ ቆሞ ማየት ይበቃል፤ ደረጃዎቹን አይሞክሩ።

ለእርስዎ፣ እንደ ኦርቶዶክሳዊት፣ ከቲያትሩ ይልቅ ልብ የሚነካው ሌላ ፍርስራሽ ይመስለኛል። በክሯ ሩስ ኮረብታ ወገብ ላይ የሦስቱ ጎሎች አምፊቲያትር የሚባል የሮማውያን መድረክ ቅሪት አለ፤ ጎል በሮማውያን ዘመን የዚህ አገር መጠሪያ ነበር። በ177 የሊዮን ክርስቲያኖች ለአራዊት የተሰጡት እዚያ ነው፤ ከእነርሱ መካከል ብላንዲና የተባለች ባሪያ ልጅ ነበረች። ከ90 ዓመት በላይ የነበሩት ጳጳስ ፖቲኖስ በእስር ቤት ሲሞቱ፣ በእግራቸው የተተካው በእኛ ሊቃውንት ዘንድ ሄሬኔዎስ ተብሎ የሚታወቀው አባት ነው። የሰማዕታቱን ታሪክ የያዘው ደብዳቤ የደረሰን በአውሳብዮስ ዘቂሳርያ መጽሐፍ በኩል ነው። ቦታው ዛሬ ከአጥሩ ውጭ ሆነው የሚያዩት፣ ሣር የበቀለበት ድንጋይ ነው፤ መሐሉ ላይ የሰማዕታቱ መታሰቢያ የሆነ ግንድ ቆሟል። ዳገት ላይ ስለሆነ ልጅዎ ክፍል በሌላት ቀን አብራችሁ ብትሄዱ ይሻላል።

ክሯ ሩስ ላይ ከአንድ ቀን በላይ ይዋሉ። ሽሮ ሜዳን የሚያውቅ ሰው ይህን ሰፈር ከፈረንሳዩ ቱሪስት በተሻለ ይረዳዋል፤ የሸማኔ ሰፈር ነውና። ካኑ የሚባሉት የሐር ሸማኔዎች በ19ኛው ክፍለ ዘመን እዚህ ሰፈሩ። ቀና ብለው ቤቶቹን ሲያዩ መስኮቶቹ ከልክ በላይ ረጃጅም ናቸው፤ የቤቱ ጣሪያ ወደ አራት ሜትር ይደርሳል። ምክንያቱ ምቾት አይደለም፤ በ1804 ዣካር የተባለ ሰው የሠራው የሽመና መሣሪያ ቁመቱ ረጅም ስለነበር ዝቅ ያለ ጣሪያ ሥር አይገባም ነበር። ሰውየው፣ ሚስቱና ልጆቹ የሚተኙት ከጣሪያው በታች በተሠራ የእንጨት ቆጥ ላይ ነበር፤ ሰፊው ቦታ የመሣሪያው ነበር። በኢቭሪ መንገድ ባለው የካኑ ቤት ሸማኔው መሣሪያውን እየረገጠ ያሳያል። ቀዳዳ ያላቸው የካርቶን ካርዶች በሰንሰለት ተያይዘው ከላይ ይዞራሉ፤ ቀዳዳ ያለበት ክር ይነሳል፣ የሌለበት ይቀራል፤ ጥለቱ የሚወጣው እንዲህ ነው። ከዚያ በፊት ክሩን አንድ በአንድ የሚጎትት ረዳት ያስፈልግ ነበር፣ ብዙ ጊዜም ሕፃን። ስለ ጥበብና ስለ ጥለት የሚያውቁትን በምልክትም ቢሆን ይንገሩ፤ የሽመና ሰው የሽመናን ነገር ያለ አስተርጓሚ ይረዳል። ካኑዎቹ በ1831 የሥራ ዋጋቸው እንዲወሰን ጠይቀው ሲነፈጉ አምፀው ከተማውን ለጥቂት ቀናት ይዘው ነበር፤ በ1834ም እንደገና ተነስተዋል። ከሰኞ በቀር ጠዋት ጠዋት በዋናው ጎዳና ላይ ገበያ ይቆማል። ሲመለሱ፣ ደግሜ እላለሁ፣ በሜትሮ ይውረዱ።

አመጣጥዎ ከትልቁ የብርሃን በዓል ጋር ገጥሟል። በ1852 በፉርቪዬር የጸሎት ቤት ማማ ላይ የእመቤታችን ሐውልት ሊመረቅ ለሴፕቴምበር 8 ቀን ተቀጥሮ ነበር፤ ሶን ወንዝ ሞልቶ የሐውልት ሠሪውን ቦታ ስላጥለቀለቀው ወደ ዲሴምበር 8 ተላለፈ። በዚያ ቀን ደግሞ ማዕበል መጣ። ምሽቱን ሰማዩ ሲገለጥ ግን ሕዝቡ ማንም ሳያዘው በየመስኮቱ ሻማ አበራ። በእኛ ኅዳር 29 ገደማ ነው። ዛሬ በዓሉ በዚያ ቀን ዙሪያ አራት ሌሊት ይቆያል፤ ሕንፃዎቹ በብርሃን ትርዒት ይደምቃሉ፣ ሰውም ከየአገሩ ይጎርፋል። ማታ ማታ ፕሬስኪል ለተሽከርካሪ ይዘጋል፣ እግረኛውም በአንድ አቅጣጫ እየተገፋ ይሄዳል። በቴሮ አደባባይ አንድ ጊዜ እንግዶቼን ይዤ ገብቼ ለመውጣት አንድ ሰዓት ፈጅቶብኛል፤ መቀመጫም መጸዳጃም አልነበረም። ስለዚህ ወደ መሐል የሚሄዱ ከሆነ ከቅዳሜና እሑድ ውጭ ባለ ምሽት፣ ከልጅዎ ጋር፣ ገና መብራቱ እንደተለኮሰ ይሂዱ።

እኔ ግን የምወደው ሌላውን በዓል ነው። ዲሴምበር 8 ምሽት ቱሪስት ወደማይደርስበት የመኖሪያ ሰፈር ይሂዱና ቀና ይበሉ። በመስኮቱ ደፍ ላይ ሉሚኞን የሚባሉ ትንንሽ ብርጭቆዎች ተደርድረዋል፤ ከውጭ የተሸነሸኑ፣ አንዳንዱ ቀይ፣ አንዳንዱ ሰማያዊ፣ ብዙው ነጭ። በውስጣቸው አጭር ሻማ አለ። ነፋስ ሲመጣ ሁሉም አንድ ላይ ይንበረከኩና አንድ ላይ ይነሳሉ። ሱቅ ውስጥ በካርቶን ይሸጣሉ፤ ገዝታችሁ በልጅዎ መስኮት ላይ ደርድሩ። ጎረቤቶቿ የሚያውቋት ያን ቀን ይሆናል።

ወደ ምግቡ እንምጣ። ሊዮን የቅቤና የሆድ ዕቃ ከተማ ነች፤ ለጾመኛ ከዚህ የባሰ ምርጫ ፈረንሳይ ውስጥ ማግኘት ያስቸግራል። ቡሾን የሚባሉት የአገሩ ምግብ ቤቶች የሚኮሩበት ሁሉ የፍስክ ነው። በጾመ ነቢያት ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለንስሐ አባትዎ እተወዋለሁ፤ ኬኔል የሚባለው የዓሣ ምግብ ግን ቅቤና እንቁላል ስለሚገባበት ክርክሩም አያድነውም። የአሳማ ሥጋም ባልጠበቁት ቦታ፣ ሰላጣ ውስጥ ሳይቀር ይመጣል። መላው ይህ ነው፦ «ጾም» ብለው አያስረዱ፤ «ቬጋን» ይበሉ። ልጅዎ ደግሞ «ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል የሌለበት» የሚል ወረቀት ጽፋ በቦርሳዎ ትጨምርልዎ። ከሮን ማዶ ጊዮቲዬር የሚባል ሰፈር አለ፤ የአረብ፣ የእስያና የአፍሪካ ሱቆችና ምግብ ቤቶች የሞሉበት ነው፤ ሽምብራውም ምስሩም ቅመሙም እዚያ አይጠፋም። «ትራዲሲዮን» የተባለው ባጌት ዱቄት፣ ውሃ፣ ጨውና እርሾ ነው፤ ክሯሳን ግን ቅቤ ነው። መንገድ ላይ በእሳት የሚጠበስ፣ ቅርፊቱ ቡናማ የሆነ ማሮን የሚባል ፍሬ ይሸጣል፤ ሲላጥ ጣዕሙ ወደ ስኳር ድንች ያደላል፣ በወረቀት ተጠቅልሎ ሲሰጥዎ ደግሞ እጅዎን ያሞቃል። በየጣፋጭ ቤቱ መስኮት የሚያዩት ሮዝ ፕራሊንም አልሞንድና ስኳር ነው፤ ፕራሊን ያለበት ኬክና ዳቦ ግን ጾም አይደለም። ምሳ የሚቀርበው ከቀኑ 6 እስከ 8 ሰዓት ብቻ ነው፤ ካለፈዎት ብዙ ቤት ወጥ ቤቱን ይዘጋል።

ቋንቋውን በሚመለከት አንዲት ቃል ከሌሎቹ ሁሉ ትበልጣለች፤ «ቦንዡር»። የትም ሲገቡ፣ ከምንም ነገር በፊት ይበሏት። እኛ ሰላም ሳንባባል ወደ ጉዳይ አንገባም፤ እነሱም እንዲሁ ናቸው፣ እንግዳው ስለማያውቅ ነው ኩሩ የሚላቸው። አንድ ቡና ይዘው ካፌ ውስጥ ሁለት ሰዓት ቢቀመጡ ማንም አያስነሳዎትም። ቡናው ሲመጣ አንድ ነገር ያስታውሱ፦ ሐረር ላይ በስሙ ቤት የሚጎበኝለትን ገጣሚ ራምቦን በ1880 ኤደን ወደብ ላይ ቀጥሮ ለቡናና ለቆዳ ንግድ ወደ ሐረር የላከው የእነ ባርዴ ኩባንያ መቀመጫው ሊዮን ነበር።

ከሰዓት በኋላ ለሚገቡበት የሞቀ ቤት የመጀመሪያ ምርጫዬ በቴሮ አደባባይ ያለው የሥነ ጥበብ ሙዚየም ነው። ድሮ የመነኮሳይያት ገዳም ነበር፤ የውስጥ አትክልት ቦታው በነፃ ክፍት ነው። ከግብፅ ሜዳሙድ የመጡት የቤተ መቅደስ የድንጋይ በሮች ፊት መቀመጥ እወዳለሁ። ማክሰኞ ዝግ ነው። ሞንፕሌዚር በተባለው ሰፈር የሲኒማ ፈር ቀዳጆቹ የሉሚዬር ወንድማማቾች ቤት አለ፤ በ1895 ሠራተኞች ከፋብሪካ ሲወጡ የቀረጹት እዚያው ነው። ፊልሙ አንድ ደቂቃ አይሞላም። ሁለቱ ወንዞች የሚገናኙበት ጫፍ ላይ ያለው የኮንፍሉዋንስ ሙዚየም በ2014 የተከፈተ ነው፤ ከጀርባው ወጥተው ቢያዩ የሁለቱ ውሃ ቀለም ለጥቂት ርቀት ሳይቀላቀል ጎን ለጎን ይሄዳል። ነፋሱ ግን ያባርርዎታል። እነዚህ ሁለቱ ሰኞ ዝግ ናቸው፤ ሰኞ በዚህ አገር ብዙ ነገር የሚዘጋበት ቀን ስለሆነ ለቴት ዶር መናፈሻ ይተዉት። የመግቢያ ክፍያ የለውም፤ ዙሪያው ሜዳ ነው፣ የመስታወት የዕፅዋት ቤቶችም አሉት።

ጾሙ ሲፈታ ገና እዚያው ሊዮን ነዎት። ታኅሣሥ 29 በእነሱ ጃንዋሪ 7 ነው፤ ወሩን ሙሉ በየዳቦ ቤቱ ጋሌት የሚባል፣ በአልሞንድ ክሬም የተሞላ ክብ ኬክ ይሸጣል። ውስጡ ትንሽ የሸክላ ምስል ተደብቃለች፤ ድሮ ባቄላ ነበረች። ምስሏ የደረሰችው ሰው የወረቀት ዘውድ ይደፋል፤ ስለዚህ ጥርስዎን ጠብቀው ያኝኩ። ዱለት የሚወዱ ከሆነ ደግሞ ያን ሰሞን ወደ ቡሾን ይግቡና በሽንኩርት የተጠበሰውን ጨጓራ ይዘዙ፤ ግራ ዱብል ይሉታል፣ ሚጥሚጣዎን ይዘው ይሂዱ። ጋሌቱ ሲቆረስ ከሁሉ ታናሽ የሆነው ሰው ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ይህ ቁራሽ ለማን እንደሆነ ይናገራል፤ ያ የልጅዎ ድርሻ ነው፣ የእርስዎን ጉልበት አይመለከትም።